የይርጋጨፌ ቡና የአበባ ጠረን ቤታችን ምጣድ ላይ ለምን ይጠፋል?

የጠያቂዬ ደብዳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ዲላ የሚኖሩ ዘመዶቼ ሦስት ኪሎ የታጠበ የይርጋጨፌ ጥሬ ቡና አመጡልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ እንዳስተማረችኝ አጥቤ፣ በብረት ምጣድ ላይ ጠቁሮ ወዝ እስኪያወጣ ቆልቼ፣ ወዲያው ወቅጬ በጀበና አፈላሁት። ጥሩ ቡና ነው፤ ነገር ግን ከሰፈር ሱቅ ከምገዛው የሚለይበትን ነገር አላገኘሁም። የአበባና የሎሚ ጠረን አለው የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እኔ ቤት ለምን አልወጣም? የመቁያ ማሽን መግዛት ይኖርብኛል?»

እውነት ነው። ጠረኑም አሁን በእጅዎ ባለው ጥሬ ቡና ውስጥ አለ፤ የጠፋው ምጣዱ ላይ ነው። ማሽን መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ግራም የምታሳይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሰዓት እና ንቁ ጆሮ ካለዎት ያው የብረት ምጣድ ይበቃዎታል። እናትዎ ያስተማሩዎት አቆላል ስሕተት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ያ አቆላል ለሌላ ዓላማ የተበጀ፣ ዓላማውንም በሚገባ የሚፈጽም ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ከዲላ የመጣልዎት ነገር ምን እንደሆነ እንመልከት። ይርጋጨፌ በጌዴኦ ዞን የምትገኝ ከተማና ወረዳ ብትሆንም፣ በቡና ገበያ ስሟ በዙሪያዋ ያሉትን እንደ ኮቸሬ፣ ገደብና ወናጎ ያሉ አካባቢዎች ቡና ጭምር ይጠቀልላል። ቡናው በአብዛኛው የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ጥምር እርሻ ነበር። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ጥላማ ስለሆነ እሸቱ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ቀስ ብሎ የበሰለ እሸት ደግሞ ፍሬው ጠጣር፣ ስኳሩና አሲዱ የተሟላ ይሆናል። በዚህ ላይ የአካባቢው ገበሬዎች ኩሩሜ፣ ደጋ እና ወሊሾ እያሉ የሚጠሯቸው የአገሬው ዝርያዎች አሉ። የአበባው ጠረን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«የታጠበ» የሚለውም ቃል ትርጉም አለው። ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት ሥጋው ይፈለፈላል፤ ፍሬው ከነሙጫው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ይብላላል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እየተገላበጠና እየተለቀመ፣ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይደርቃል። የእሸቱ ሥጋ ቀድሞ ስለሚነሳ፣ ከነሥጋው ደርቆ እንደሚፈለፈለው የጀንፈል ቡና የእንጆሪና የጠጅ ዓይነት ቃና አይጫነውም። የሚቀረው ስስ፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ሻይ የሚያደላ ቃና ነው። ስስ የሆነ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይሸፈናል።

አሁን ወደ ምጣዱ። ጥሬ ቡና ሲያሸቱት የድርቆሽ ዓይነት ጠረን እንጂ የቡና ጠረን የለውም፤ የቡና ጠረን የምንለው ነገር የሚፈጠረው በሙቀት ነው፤ የሚጠፋውም በሙቀት ነው። ፍሬው እሳት ሲነካው በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ደቂቃዎች የሚያደርገው ነገር ቢኖር መድረቅ ነው። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሽታውም ከሣር ወደ ገብስ ቆሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ስኳሩና ፕሮቲኑ ተዋሕደው መቅላት ይጀምራሉ፤ ዳቦ ምጣድ ላይ ሲቀላ የሚሆነው ነገር እዚህም ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ቤቱን ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ይለዋል። የፍሬው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ፈንድሻ እንደሚፈነዳ፣ በወፍራም ድምፅ ይንጣጣል። ይህ የመጀመሪያው መንጣጣት ነው፤ ቡናው ለመጠጥ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ልዩነቱ የሚፈጠረው ከዚህ ቅጽበት አንሥቶ ባሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። መንጣጣቱ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ተኩል ላይ ቢያወርዱት፣ የሎሚውን ቃና የሚሰጡት አሲዶችና አበባ አበባ የሚሉት ተናኝ ውሕዶች አብዛኞቹ በፍሬው ውስጥ አሉ። ከዚያ አልፈው ከቀጠሉ አሲዶቹ ይፈርሳሉ፤ ተናኞቹ በጭሱ ይሄዳሉ፤ ፍሬው ውስጥ በብዛት የነበረው ክሎሮጀኒክ የተባለው አሲድም ወደ መራራ ውሕዶች ይለወጣል። ወደ 225 ዲግሪ ሲጠጋ ሁለተኛው መንጣጣት ይመጣል፤ ይህኛው ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ደረቅ ጭራሮ እሳት ሲይዘው የሚያሰማውን ይመስላል። ወዙ ወደ ውጭ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ ያወረዱት እዚህ ደረጃ ላይ ወይም ከዚያ አልፎ ነው። እዚህ ከደረሰ በኋላ በሲኒው ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው የቁላቱ ቃና እንጂ የአገሩ ቃና አይደለም፤ ይርጋጨፌም ይሁን ጅማ፣ ሐረርም ይሁን ወለጋ፣ እስከዚያ ከተቆላ ለመለየት ያስቸግራል። ከሱቁ ቡና ጋር አንድ የሆነብዎት በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ቅምሻ በተማርኩበት ቤተ ሙከራ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሁለት ረድፍ ሲኒ ደርድረው ጠበቁን። ሁላችንም የሁለት አገር ቡና መስሎን አንዱን ረድፍ «ሲዳማ ወይም ይርጋጨፌ»፣ ሌላውን «ቆላማ አካባቢ» ብለን ጻፍን። ከአንድ ከረጢት የወጣ አንድ ቡና ነበር፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቶ ከመቁያው የወረደ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና ሲቆላ ከሰዓቴ ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም።

እንግዲህ የእናትዎ አቆላል። ጀበና ቡናውን ከውሃው ጋር ያፈላዋል፤ አተላው ላይ ውሃ እየተጨመረ ቶናና በረካ ይደገማል፤ ብዙ ቤት ደግሞ ስኳር፣ አንዳንዱ ዘንድ ጨው ወይም ቅቤ ይገባበታል። ሳይጠቁር ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና እንዲህ ቢፈላ ይኮመጥጣል፤ አቦሉ ሲጎፈንን ቶናው ውሃ ውሃ ይላል። ጥቁሩ አቆላል አሲዱን ሰብሮ፣ ቃናውን አወፍሮ፣ ለሦስት ዙር የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። በሱቅ የሚገኘው ቡና ብዙ ጊዜ ያልበሰለና እንከን ያለበት ፍሬ የተቀላቀለበት ስለሆነም ጠቆር አድርጎ መቁላት እንከኑን ይሸፍናል። እናቶቻችን ለጀበናውና ለገበያው ቡና የሚስማማውን መንገድ በልምድ አግኝተዋል ማለት ነው። የእርስዎ ሦስት ኪሎ ግን መሸፈን ያለበት እንከን የለውም፤ መገለጥ ያለበት ቃና ነው ያለው።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ይሞክሩ። ከጥሬው 150 ግራም ይመዝኑ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምጣዱ ላይ ተደራርቦ እኩል አይቆላም። በሰፌድ ዘርግተው ጥቁሩን፣ የተበሳውንና የተሰበረውን ይልቀሙ። ማጠቡን ለዚህ ቡና ይተዉት፤ ሲታጠብ ላዩ የሚይዘው ውሃ በምጣዱ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሙቀቱን ይሻማዋል፤ አንዱ ፍሬ ሲደርቅ ሌላው እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ምጣዱን በመካከለኛ እሳት ሦስት ደቂቃ ያህል ያግሉት፤ ቡናውን ሲጨምሩ ሰዓቱን ይያዙ። ከዚያ በኋላ እጅዎ ማረፍ የለበትም። ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ፣ ዳርና ዳር ያለውን ወደ መካከል እየመለሱ ያማስሉት፤ ለአሥር ሰከንድ ቢያቆሙ እንኳ ምጣዱን የነካው ጎን ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር ነጥብ ሲኒ ውስጥ አመድ አመድ ይላል።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ደቂቃ ሁሉም ቢጫ ሊሆን ይገባል። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ደቂቃ አካባቢ የመጀመሪያውን መንጣጣት ይጠብቁ፤ ሊደርስ ሲል እሳቱን ትንሽ ቀነስ ያድርጉት፤ ፍሬው ከዚህ በኋላ ራሱም ሙቀት ስለሚያወጣ በድንገት ይሮጣል። አንድና ሁለት ፍሬ ሲጮህ አይቁጠሩ፤ ድምፁ ተከታታይ ሲሆን ነው ሰዓቱ የሚጀምረው። ከዚያ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል፤ ከዚያ ማውረድ። ቀለሙ የቀረፋ ቡኒ ወይም ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ላዩም ደረቅ ይሆናል። ዓይንዎ «ገና ነው» ይልዎታል፤ ዕድሜ ልኩን ጥቁር ቡና ያየ ዓይን ነውና እንዲህ ማለቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ሰዓትዎን ይመኑ።

ቡናው ከምጣዱ ሲወርድ በሙቀቱ መቆላቱን ይቀጥላል። ምጣዱ ላይ ትተው እሳቱን ቢያጠፉ ብቻ ያ የቆጠሩት ደቂቃ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ወዲያው ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከሰፌድ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ በረንዳ ላይ ወጥተው በሰፊ ሰፌድ ቢያንገዋልሉት ስሱ ገለፈት በነፋሱ ይሄዳል፤ ፍሬው በሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ በእጅ ይያዛል። ሲቀዘቅዝ በመካከሉ ቢጫ ሆነው የቀሩ ፍሬዎች ካዩ አንድ በአንድ ያውጧቸው። እነዚህ እሸቱ ሳይበስል የተለቀመባቸው ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢቆሉ አይቀሉም፤ ሁለት ሦስቱ ብቻ አንዱን ሲኒ የደረቀ ለውዝ ያስመስሉታል።

አሁን ሚዛኑ። 150 ግራም ጥሬ ከ127 እስከ 131 ግራም ሆኖ ከወጣ ከ13 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል ማለት ነውና ደርሷል። ወደ 123 ግራም ከወረደ ወደ ጥቁሩ አልፈዋል። ከ133 በላይ ከሆነ ውስጡ ጥሬ ነው። ቀለም በብርሃን ይለዋወጣል፤ ሚዛን አይለዋወጥም።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርዎት ከባህላችን ጋር ስለሚጋጭ ከሁሉ የሚከብድዎት ይመስለኛል፤ ዛሬ የቆሉትን ዛሬ አይጠጡት። ትኩስ የተቆላ ፍሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ነው። በጀበና ሲፈላ ይህ ጋዝ ያን ያህል ችግር አይሆንም፤ አበባውን ይበልጥ በሚያጎላው መንገድ፣ ማለትም በወረቀት ማጣሪያ ውስጥ ባለው ዱቄት ላይ የፈላ ውሃ እየፈሰሰ ሲወርድ ግን ውሃውን እየገፋ ቃናው እንዳይወጣ ያግደዋል። በሚከደን ማሰሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ አድርገው ቢያንስ ሦስት ቀን ያቆዩት። በእኔ ልምድ ቀለል ተደርጎ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ በጣም ይጥማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ክዳኑን በየዕለቱ አንድ ጊዜ ከፈት አድርገው ያሽትቱት፤ የዳቦው ሽታ እየቀነሰ አበባው ብቅ ሲል በአፍንጫዎ ይከታተሉታል።

ስለ ማፍላቱ ሲነሳ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ መመሪያዎች ውሃው ከፈላ በኋላ ቀዝቀዝ እስኪል ይጠበቅ ይላሉ፤ የሚፈልጉት ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ነው። እነሱ ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነው ስለሚጽፉ ውሃቸው በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እርስዎ አንድ ሰከንድ መጠበቅ የለብዎትም፤ እየተንተከተከ ያለውን ያፍስሱት። ብዙ የከተማችን ሰው በማጣሪያ ያወረደው ቀለል ተደርጎ የተቆላ ቡና ኮምጣጣና ውሃማ የሚሆንበት ይህን ሳያስተውል ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው ነው።

መጠኑ ለ15 ግራም ቡና 250 ግራም ውሃ ነው። በሙቀጫ ሲወቀጥ ዱቄትና ክፋይ ስለሚቀላቀል ዱቄቱ ይመራል፤ ክፋዩ ይኮመጥጣል፤ ቢቻል በእጅ የሚሽከረከር ቡና መፍጫ ይጠቀሙ፤ አፈጫጨቱም የገበታ ጨው ያህል፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ሻከር ያለ ይሁን። የወረቀት ማጣሪያውን በፈላ ውሃ አንድ ጊዜ ያለቅልቁት፤ የወረቀት ጣዕም አለው። መጀመሪያ ቡናውን በ45 ግራም ውሃ ብቻ አርሰው 40 ሰከንድ ይጠብቁት፤ ሲያብጥና ሲተነፍስ ያያሉ። ከዚያ የቀረውን ቀስ እያሉ በሁለት ጊዜ ይጨምሩ፤ በጠቅላላው ወደ ሦስት ደቂቃ ገደማ ወርዶ ያልቃል። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ የአበባውን ጠረን ስለሚውጠው በደንብ የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። ስኳርና ጤና አዳም ለሌላ ቀን ይቆዩ።

በጀበናም ይቻላል፤ ነገር ግን ሳይንተከተክ። ውሃው ጀበናው ውስጥ ሲፈላ ከእሳት ያውርዱት፤ ለግማሽ ሊትር 30 ግራም ያህል ቡና ይጨምሩ፤ እሳት ላይ መልሰው አረፋው ወደ አንገቱ ሲወጣ ብቻ ወዲያው አውርደው አራት ደቂቃ ያስቀምጡት። ወፈር ያለ፣ ደስ የሚል ቡና ይወጣል፤ አበባው ግን በማጣሪያ የወረደውን ያህል አይጎላም፤ ለቶናም አይበቃም።

ማጣጣሙን ሳይለማመዱ ይህ ሁሉ ልፋት ግማሽ ይሆናል። ቀማሾች የምንሠራበትን መንገድ ቤትዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። 200 ሚሊ ሊትር በሚይዙ ሁለት እኩል ብርጭቆዎች 11፣ 11 ግራም ቡና ያድርጉ፤ አንዱ በአሮጌው መንገድ የቆሉት፣ ሌላው አዲሱ ይሁን። ደረቅ ዱቄቱን ያሽትቱ፤ የፈላ ውሃ እስከ አፉ ይሙሉ፤ አይንኩት። ላዩ ላይ የቡና ቅርፊት ይሠራል። አራተኛው ደቂቃ ላይ አፍንጫዎን ወደ ብርጭቆው አስጠግተው ቅርፊቱን በማንኪያ ጀርባ ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ይስበሩት። ጠረኑ ተጠራቅሞ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ስልክዎን ይዝጉ፤ ሽቶም ተቀብተው አይቅረቡ። አረፋውን ገፈው አሥረኛው ወይም አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በማንኪያ እየወሰዱ በኃይል ይማጉ። በቤታችን ድምፅ እያሰሙ መጠጣት ነውር ቢሆንም በቅምሻ ግን ግድ ነው፤ ቡናው ከአየር ጋር ተረጭቶ መላ አፍን ሲነካ ጠረኑ ከኋላ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል።

በትኩስነቱ ብዙም አይፍረዱ። ለብ ሲል አሲድነቱ ይገለጣል፤ እኛ አሲዲቲ የምንለው ሲሆን፣ እንደ ሎሚ ምላስን ዳርና ዳር ነካ አድርጎ ጣፋጭ ሆኖ የሚያልፍ እንጂ እንደ ሆምጣጤ ጉሮሮ የሚይዝ አይደለም። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጣፋጭነቱ ይመጣል፤ ጥሩ ቡና ቀዝቅዞ ይሻላል፤ የተበላሸ ቡና ቀዝቅዞ ይጋለጣል። የይርጋጨፌውን ጠረን የውጭ ቀማሾች ጃስሚን ይሉታል፤ እኛ ጠምበለል አለን፤ ነጭ አበባዋን አሽትተው የሚያውቁ ከሆነ ወዲያው ያስታውሱታል። ከዚያ በተጨማሪ የሎሚ ልጣጭ፣ ኮክ፣ ማር፣ ቀጭን ጥቁር ሻይ ሊያገኙበት ይችላሉ። ያላገኙትን ግን አገኘሁ አይበሉ። «ይህኛው ከዚያኛው ይጣፍጣል፣ ያኛው ምላሴ ላይ ይቆያል» ማለት ብቻም ሙሉ ቅምሻ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ላይሳካ ይችላል። ጥሬ ሽምብራ ወይም ሣር ከሸተተዎት ቀድመው አውርደዋል፤ ሃያ ሰከንድ ይጨምሩ። መንጣጣቱ ከስድስተኛው ደቂቃ በፊት ከመጣ እሳቱ በዝቷል፤ ላዩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ከመጣ ደግሞ እሳቱ አንሷል፤ ቡናው ሳይቆላ ይጋገራል፤ ሲጠጡት ደባሪ፣ እንጀራ የሌለበት ወጥ ዓይነት ጎዶሎ ነገር ይሆናል። የእርስዎ ሦስት ኪሎ ሃያ ዙር ስለሚሆን ለመማር ከበቂ በላይ ነው፤ ጥሬውን ከበርበሬና ከቅመም ርቆ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ካስቀመጡት ለወራት አይበላሽም።

ሁለተኛውን ዙር ሲጨርሱ ሁለት ቁጥር ይጻፉልኝ፦ መንጣጣቱ በስንተኛው ደቂቃ እንደጀመረ፣ እና 150 ግራሙ ተቆልቶ ስንት ግራም እንደሆነ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሦስተኛው ዙር ላይ እሳቱን ይቀንሱት ወይም ይጨምሩት እንደሆነ ልነግርዎት እችላለሁ።